ዲቪን የወለደው የተከፈለ ሥልጣን

በጥቅምት ወር የአዲስ አበባ፣ የጎንደርና የሐዋሳ ፎቶ ቤቶችና ኢንተርኔት ቤቶች በራቸው ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ሲለጥፉ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ታይቷል። ስለዚህ የአሜሪካ የቪዛ ዕጣ ያልተባለ ነገር የለም፦ ስለደረሳቸው፣ ስላልደረሳቸው፣ ደርሷቸው ኤምባሲ ላይ ስለወደቁ። ዕጣውን ስለፈጠረው ሕግና ሕጉን ስላወጣው ምክር ቤት ግን እምብዛም አይወራም። ሕጉ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1990 የተፈረመው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ፈራሚው ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ ሲሆኑ፣ ሕጉን ያጸደቁት ሁለቱም ምክር ቤቶች በተቃዋሚያቸው በዴሞክራቲክ ፓርቲ እጅ ነበሩ። ያ ምክር ቤት ከጃንዋሪ 1989 እስከ ጃንዋሪ 1991 የተቀመጠው 101ኛው የአሜሪካ ኮንግረስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በፓርላማ ሥርዓት ለሚኖር አንባቢ ነገሩ ግር ይላል። በእኛ አገር የምክር ቤቱን አብላጫ ወንበር የያዘው ወገን ራሱ መንግሥት ይመሠርታል፤ ሕግ አውጪውና ሕግ አስፈጻሚው ከአንድ ምርጫ ይወለዳሉ። አሜሪካኖች ግን ፕሬዚዳንቱን፣ 435 አባላት ያሉትን የተወካዮች ምክር ቤትና 100 አባላት ያሉትን ሴኔት ለየብቻ ይመርጣሉ። በኖቬምበር 1988 ቡሽ 40 ክፍለ ግዛቶችን አሸንፈው 426 የወኪል መራጮች ድምፅ አገኙ። ይህን ያህል ድል ያቀዳጃቸው ሕዝብ ግን የተወካዮች ምክር ቤቱን 260 ለ175፣ ሴኔቱን ደግሞ 55 ለ45 በሆነ ወንበር ለዴሞክራቶች ሰጠ። ፕሬዚዳንቱ ያለ ዴሞክራቶች አንድ ሕግ ማስወጣት አይችሉም። ዴሞክራቶቹም የፕሬዚዳንቱን ቬቶ ለመሻር በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋቸዋል፤ ያን ያህል ቁጥር አልነበራቸውም።

ስለዚህ ዓይነቱ አደረጃጀት የሚሰጠው የተለመደ ፍርድ «ሥልጣን ሲከፈል ሥራ ይቆማል» የሚል ነው። 101ኛው ኮንግረስ ይህን ፍርድ ያፈርሰዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ የአካል ጉዳተኞችን መብት፣ የአየር ብክለትን፣ የስደተኞችን መግቢያና የአገሪቱን በጀት በሚመለከት ለዓመታት የተሠራባቸውን ሕጎች አውጥቷል። ይሁንና ያው ምክር ቤት ኋላ ላይ ለመጣው ሽባነትም መነሻ ነው፤ እኔን የሚስበኝም ይህ ሁለት ገጽታው ነው። ሥራ የሚያስቆመው የሥልጣኑ መከፈል አይደለም፤ ለፖለቲከኛው ከስምምነት ይልቅ እምቢታ የሚያተርፍበት ጊዜ መምጣቱ ነው። እምቢታ እንደሚያተርፍ በግልጽ የታየው በዚሁ ዘመነ ምክር ቤት፣ በ1990 መኸር ነው።

አጀማመሩ ሰላማዊ ነበር ቢባል ሐሰት ነው። ቡሽ ለመከላከያ ሚኒስትርነት ያጩአቸውን የቴክሳሱን የቀድሞ ሴናተር ጆን ታወርን ሴኔቱ በማርች 1989 53 ለ47 በሆነ ድምፅ ጣላቸው። የሰውየው መጠጥ መውደድና ከጦር መሣሪያ ኩባንያዎች ጋር የነበራቸው ቅርበት አደባባይ ወጥቶ ተዘከዘከ። በምትካቸው የተመረጡት ዲክ ቼኒ በተወካዮች ምክር ቤት የሪፐብሊካኖቹ ምክትል መሪ ስለነበሩ ወንበራቸው ባዶ ቀረ፤ ያንን ወንበር የጆርጂያው ኒውት ጊንግሪች 87 ለ85፣ በሁለት ድምፅ ብልጫ ብቻ ወሰዱት። ጊንግሪች አፈ ጉባኤውን ጂም ራይትን በሥነ ምግባር ጥሰት ከስሰው ሲያሳድዱ የቆዩ ሰው ናቸው። ራይት በሜይ 31 በምክር ቤቱ ፊት ረጅም ንግግር አድርገው መልቀቃቸውን አሳወቁ፤ በምትካቸው የዋሽንግተን ክፍለ ግዛቱ ቶም ፎሊ በጁን 6 ተመረጡ። ሚኒስትር ተጥሎ፣ አፈ ጉባኤ ተባርሮ የጀመረ ዘመን ነው እንግዲህ። ከዚህ ጅምር ተነስቶ ትልልቅ ሕግ ይወጣል ብሎ የሚወራረድ ጥቂት ነበር።

ማርች 12 ቀን 1990 በምክር ቤቱ ሕንፃ ምዕራባዊ ደረጃ ሥር የተሰበሰቡ አካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪ ወንበራቸውንና ክራንቻቸውን ጥለው በእጃቸው፣ በጉልበታቸውና በጀርባቸው እየተሳቡ ደረጃውን ወጡ። ከመካከላቸው የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። የሚጠይቁት የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ በሴኔት በ1989 76 ለ8 በሆነ ድምፅ አልፎ ነበር፤ በተወካዮች ምክር ቤት ግን በአራት ኮሚቴዎች መካከል ሲንከባለል ወራት ተቆጥረዋል። የሬስቶራንትና የአውቶቡስ ኩባንያዎች ወጪውን ፈሩ፤ ጠበቆች ክሱ ይበዛል አሉ። ሕጉን ያዳነው ግን በዚያ ቀን የታየው ብቻ አይደለም፤ ቀደም ብሎ በ1989 በጋ የተደረገ ልውውጥ ነው። ዴሞክራቶቹ ተበዳዩ በፍርድ ቤት የገንዘብ ካሣ እንዲያገኝ የሚለውን አንቀጽ ከሱቆችና ከሆቴሎች ክፍል አወጡ፤ ዋይት ሐውስ በበኩሉ ሕጉ ለሕዝብ ክፍት የሆነን ንግድ ቤት ሁሉ በሰፊው እንዲይዝ ፈቀደ። ማለትም አንዱ ወገን ቅጣቱን ሲያለዝብ ሌላው ወሰኑን አሰፋ። በዴሞክራቶች በኩል ወንድማቸው መስማት የተሳናቸው የአይዋው ሴናተር ቶም ሃርኪን፣ በሪፐብሊካኖች በኩል ቀኝ እጃቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጎዳው የሴኔቱ የአናሳ መሪ ቦብ ዶል ቆመውለታል። የመጨረሻው ድምፅ 377 ለ28 እና 91 ለ6 ነበር። ቡሽ በጁላይ 26 በዋይት ሐውስ ደቡባዊ ሜዳ ላይ ሲፈርሙት ምስጋናው ለሁለቱም ፓርቲ ይበቃ ነበር።

የአየር ብክለቱ ሕግ ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል፤ በክፍፍሉ ውስጥ ድርድር እንዴት እንደሚሠራ የሚታየው እዚያ ነውና። ከዚያ በፊት ለዐሥር ዓመታት ሕጉን ማሻሻል አልተቻለም ነበር። ምክንያቱ የፓርቲ ልዩነት ብቻ አልነበረም፦ የምዕራብ ቨርጂንያው ሴናተር ሮበርት በርድ የድንጋይ ከሰል ክልላቸውን፣ የሚሺጋኑ ተወካይ ጆን ዲንግል የመኪና ፋብሪካዎቻቸውን ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ሁለቱም ዴሞክራቶች ናቸው። በ1989 በርድ የሴኔቱን የአብላጫ መሪነት ለሜይኑ ጆርጅ ሚቸል ለቀቁ፤ ቡሽም እንደ ቀዳሚያቸው እንደ ሬገን ሳይሆን ሕጉን ራሳቸው አቀረቡ። የኮሚቴው ረቂቅ በምልአተ ሴኔቱ በቂ ድምፅ እንደማያገኝ ሚቸል ባወቁ ጊዜ ከአዳራሹ አውጥተው፣ የዋይት ሐውስ ሰዎችንና ሴናተሮችን ከሁለቱም ፓርቲ በራቸውን ዘግተው አንድ ወር ያህል አስቀመጧቸው። ከስምምነቱ በኋላ ሚቸል ውሉን የሚያፈርስ ማሻሻያ ሁሉ ከራሳቸው ወገን ቢመጣም ተቃወሙ። በርድ ሥራ ለሚያጡ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ካሣ ይከፈል የሚል ማሻሻያ ሲያቀርቡ፣ ፕሬዚዳንቱ በዚህ ምክንያት ሕጉን ውድቅ እንዳያደርጉት የሠጉት ሚቸል የቀድሞ አለቃቸውን ተቃወሙ፤ ማሻሻያውም 49 ለ50 ወደቀ። አንድ ድምፅ ነው። የአንድ ፓርቲ መሪ ከሌላው ፓርቲ ጋር የገባውን ቃል ለመጠበቅ የራሱን አንጋፋ ሲጥል ማየት ዛሬ ብርቅ ነው።

ከድርድሩ የወጣው ሕግ ይዘትም የክፍፍሉ ውጤት ነው። የአሲድ ዝናብ የሚያመጣው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ልቀት በ1980 ከነበረው በዓመት 10 ሚሊዮን ቶን እንዲቀንስ ጣሪያ ተቀመጠ፤ ይህ የአካባቢ ጥበቃ ወገኖች ድርሻ ነው። ጣሪያው የሚከበርበት መንገድ ግን የኃይል ማመንጫዎች የልቀት ፈቃዳቸውን እርስ በርስ እንዲሸጡ መፍቀድ ነበር፤ ይህ ደግሞ የገበያ ሰዎቹ ድርሻ ነው። ልቀቱ ከተጠበቀው በአነስተኛ ወጪ ወረደ። አንዱ ፓርቲ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ወይ ጣሪያው ወይ ገበያው ይቀር ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ይህ ዓይነቱ ከፓርቲ መስመር የሚሻገር ሥራ በኢትዮጵያ ምድርም አሳዛኝ አሻራ አለው። የሂዩስተኑ ዴሞክራት ሚኪ ሊላንድ በተወካዮች ምክር ቤት የረኀብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበሩ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስተው በጋምቤላ ወደሚገኘው የፉኝዶ የሱዳን ስደተኞች ጣቢያ ሲበሩ አውሮፕላናቸው ተራራ ላይ ተከስክሶ አብረዋቸው ከነበሩት 15 ሰዎች ጋር ሞቱ። በረኀቡ ሥራ የቅርብ ጓዳቸው የሚዙሪው ሪፐብሊካን ቢል ኤመርሰን ነበሩ፤ ኋላ ላይ ለረኀብ ጉዳይ ወጣት ባለሙያዎች የተቋቋመው የሥልጠና ዕድል የሁለቱንም ስም ይዟል።

ወደ ዲቪው ስንመለስ፣ አመጣጡን የሚያውቅ ሰው ፈገግ ሳይል አይቀርም። ዕጣውን ያሰቡት አፍሪካን ይዘው አልነበረም። የማሳቹሴትስ ዴሞክራቶች፣ በተለይ ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲና ተወካይ ብራያን ዶኔሊ፣ ከ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ በር የጠበበባቸውን የአየርላንድ ልጆች ማስገባት ፈለጉ፤ ለሽግግሩ ሦስት ዓመታት ከተመደበው ቪዛ 40 በመቶው ለአየርላንድ ተያዘ። ሪፐብሊካኑ የዋዮሚንግ ሴናተር አለን ሲምፕሰን ደግሞ የጠቅላላው ስደተኛ ቁጥር ጣሪያ እንዲኖረው ይጎተጉቱ ነበር። የቦስተኑ ጆ ሞክሊ፣ ረቂቅ ሕጎች ወደ ምልአተ ጉባኤ የሚወጡበትን ሥርዓት የሚወስነውን ኮሚቴ ስለሚመሩ፣ ከጦርነት ለሸሹ ኤልሳልቫዶራውያን ጊዜያዊ ከለላ ካልተጨመረ አላሳልፍም የማለት ጉልበት ነበራቸው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሌላ እንቅፋት ገጠመ፤ የመንጃ ፈቃድን እንደ መታወቂያ ለመፈተን የታሰበው አንቀጽ የሂስፓኒክ ተወካዮችን አስቆጣና ረቂቁ ለድምፅ የሚቀርብበት ሥርዓት ወደቀ። አንቀጹ ሲወጣ ሕጉ በኦክቶበር 27 264 ለ118 አለፈ። ከ1995 በጀት ዓመት ጀምሮ ቋሚ የሆነው የ55 ሺህ ቪዛ ዕጣ በቀደሙት አምስት ዓመታት ጥቂት ሰው ለላኩ አህጉሮች ብዙ ድርሻ በሚሰጥ ቀመር ስለተሠራ፣ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ኢትዮጵያዊ አዲስ በር ተከፈተለት። የሞክሊ ጊዜያዊ ከለላም ከሦስት ዐሥርት ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ በአገራቸው በነበረው ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ተሰጥቷል። እነዚህ ሁሉ አንቀጾች በአንድ ሕግ የታሰሩት እያንዳንዱ ወገን ያለ ሌላው ማሳለፍ የማይችለው ነገር ስለነበረው ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፦ ያለፉትን ሕጎች እየቆጠርክ ያላለፉትን ረሳህ። የዬል ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሜይኸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት እስከ 1990 ያሉትን ዋና ዋና ሕጎች ቆጥረው፣ ሥልጣን በተከፈለበትና ባልተከፈለበት ዘመን ቁጥሩ ተቀራራቢ መሆኑን በ1991 ባወጡት መጽሐፍ አሳይተዋል። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዋ ሣራ ባይንደር ደግሞ ኋላ ላይ መቁጠር ያለብን የወጡትን ብቻ ሳይሆን ከሚፈለጉት ውስጥ የከሸፉትን ነው ብለው ተከራከሩ፤ በእሳቸው ሚዛን ክፍፍሉ ያስከፍላል። በ101ኛው ኮንግረስም የከሸፉት ጥቂት አይደሉም። የሠራተኞች የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ በጁን 1990 በቬቶ ወድቆ ክሊንተን እስኪመጡ፣ እስከ 1993፣ ጠበቀ። የሲቪል መብቶች ሕጉን ቡሽ የቅጥር ኮታ ያመጣል ብለው ሲጥሉት ሴኔቱ ሊሽረው 66 ለ34 ድምፅ ሰጠ፤ 67 ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዘመነ ምክር ቤት አንድም ቬቶ አልተሻረም።

የባይንደርን ሚዛን እቀበላለሁ፤ ክፍፍል ነፃ አይደለም። ነገር ግን የነዚያን ቬቶዎች ፍጻሜ መከተል ያሻል። ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 3.35 ዶላር ነበር፤ ዴሞክራቶች 4.55 ሲሉ ቡሽ ከ4.25 አላልፍም ብለው በጁን 1989 ጣሉት፤ በኖቬምበር በ4.25 ተስማምተው ፈረሙ። የሲቪል መብቶቹም ሕግ ተሻሽሎ በ1991 ተፈረመ። በነዚህ ጉዳዮች ቬቶው የድርድሩ አንድ ምዕራፍ እንጂ መቃብሩ አልነበረም። እምቢ ያለው ወገን ነገ ተመልሶ ሊስማማ ይችል የነበረው፣ እምቢ በማለቱም ሆነ በመስማማቱ ከራሱ ደጋፊ የሚደርስበት ቅጣት ስላልነበረ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመኑን ልዩነት ያነሣል። በዚያን ጊዜ የደቡብ ወግ አጥባቂ ዴሞክራቶችና የሰሜን ምሥራቅ ለዘብተኛ ሪፐብሊካኖች ስለነበሩ ክፍፍሉ የስም ብቻ ነበር፤ ዛሬ ፓርቲዎቹ ተለያይተው ስለቆሙ ያ ታሪክ አይደገምም ይላል። እውነትነት አለው። ግን ለዘብተኞቹ በአንድ ሌሊት አልጠፉም፤ ለምን ጠፉ የሚለውን ጥያቄ ይዞ የ1990ን የበጀት ጠብ ማየት ይበጃል።

ቡሽ በኦገስት 1988 በኒው ኦርሊየንስ በፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ ከንፈሬን አንብቡ፣ አዲስ ግብር የለም ብለው ነበር። በ1990 ግን ጉድለቱ ሰፍቶ ከኦክቶበር ጀምሮ በሕግ የታዘዘ አውቶማቲክ የወጪ ቅነሳ ይጠብቃቸው ነበር። በጁን 26 ባወጡት አጭር መግለጫ ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል የግብር ገቢ መጨመር አንዱ መሆኑን አመኑ። በሴፕቴምበር ተደራዳሪዎቹ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ባለው የአንድሩስ አየር ኃይል ሰፈር ተዘጉ፤ በወሩ የመጨረሻ ቀን ስምምነቱ በዋይት ሐውስ የአበባ ግቢ ተገለጠ። ጊንግሪች ከተደራዳሪዎቹ አንዱ ሆነው ሳለ ከመሪዎቹ ጋር ለካሜራ አልቆሙም፤ ወደ ምክር ቤቱ ሄደው አመፁን መሩ። በኦክቶበር 5 ስምምነቱ 179 ለ254 ወደቀ። የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ራሱ 71 ደግፎ 105 ተቃወመ፤ ዴሞክራቶቹም የነዳጅ ግብሩና የአረጋውያን ሕክምና ቅነሳው አስቆጥቷቸው በብዛት ከዱ። የኮሎምበስ ቀን በዓል ሰንበት ላይ መንግሥት ተዘጋ፤ ዋሽንግተንን ሊጎበኝ የመጣ ሰው ሙዚየሞቹን ተቆልፈው አገኘ።

የዚህ ጠብ ፍሬ ነገር ያለው በሁለተኛው ስምምነት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ውል የገቢ ግብር ጣሪያውን አልነካም ነበር። አመፀኞቹ ከጣሉት በኋላ ቡሽ ድምፅ ፍለጋ ወደ ዴሞክራቶቹ መዞር ግድ ሆነባቸው፤ ዴሞክራቶቹም ዋጋቸውን ጠየቁ፤ ከፍተኛው የገቢ ግብር ከ28 ወደ 31 በመቶ ወጣ። ሕጉ 228 ለ200 ሲያልፍ የደገፉት ሪፐብሊካኖች 47 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ግብር አይጨመር ብለው ያመፁ ሰዎች ያተረፉት ከፍ ያለ ግብር ነው። በሕግ ሒሳብ ከስረዋል፤ በፓርቲያቸው ውስጥ ግን ነግሠዋል። ስምምነቱን የተሸከሙት ቡሽ ቃላቸውን ያፈረሱ ተብለው በ1992 ወደቁ። በተወካዮች ምክር ቤት የሪፐብሊካኖቹ መሪ ቦብ ሚሼል፣ ከዴሞክራት ባልደረቦቻቸው ጋር ጎልፍ የሚጫወቱ ሰው፣ ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ወጣት ተወካይ መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ ለዘብተኛው የሚስማማበት ምክንያት የጠፋው እንዲህ ነው እላለሁ፣ ከሕዝብ መከፋፈል በፊት የፖለቲከኛው ትርፍና ኪሳራ ተገለበጠ።

የቀረው ተቃውሞ፣ እንዲያ ከሆነ ሥልጣኑን ሁሉ ለአንድ ፓርቲ መስጠት ይሻላል የሚል ነው። ማስረጃው አይደግፈውም። ክሊንተን በ1993 እና 1994 ሁለቱንም ምክር ቤቶች ይዘው የጤና መድን ሕጋቸው ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት ሞተ። እስከዚያ ጊዜ በታሪክ ረጅሙ የመንግሥት መዘጋት፣ ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ለ43 ቀናት የቆየው፣ የመጣው ፕሬዚዳንቱም ሆኑ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሪፐብሊካኖች እጅ ሳሉ ነው። የሴኔቱ ደንብ ለአብዛኛው ሕግ 60 ድምፅ ስለሚጠይቅ አናሳው እምቢ ማለት ይችላል። የ1990ው መዘጋት ሥልጣን ተከፍሎ ሳለ በሦስት ቀን አበቃ፤ በዚያ ዘመን መንግሥትን ዘግቶ መቆየት ለማንም ጥቅም ሆኖ አይታይም ነበርና።

መራጩ እምቢታን ወዲያው ሸልሟል ማለትም አይደለም። በኖቬምበር 1990 ሪፐብሊካኖች በተወካዮች ምክር ቤት ወንበር አጡ፤ ጊንግሪች ራሳቸው በጆርጂያ በ974 ድምፅ ብልጫ ለጥቂት ተረፉ። ሽልማቱ የመጣው በ1994 ነው፤ ፓርቲያቸው ከ40 ዓመት በኋላ ምክር ቤቱን ያዘ፣ አፈ ጉባኤ ፎሊ የራሳቸውን ወንበር እንኳ ተነጠቁ። የ1990ው ሕግ በወጪ ላይ ያኖረው ጣሪያና አዲስ ወጪ ያመጣ ሁሉ መክፈያውን ያሳይ የሚለው ደንብ ግን ሥራውን ቀጠለ፤ ከ1993ቱ የግብር ሕግና ከኢኮኖሚው ዕድገት ጋር ተደምሮ ጉድለቱን በላው። በ1998 የፌዴራሉ በጀት ከ1969 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ ሲያስመዘግብ፣ ሥልጣን እንደገና ተከፍሎ፣ የአፈ ጉባኤውን ወንበር ይዘው የነበሩት ሁለቱንም ሕጎች በድምፃቸው የተቃወሙት ጊንግሪች ነበሩ።